ወደ ቀዝቃዛው ውኃ

«ልጆች፣ መቼ ነው የምትሄዱት?»

ይህን የበሩ ጥበቃ ጋሼ ይጠይቁናል፤ ሻይ ቤቱን የያዙት እትዬ ይጠይቁናል፤ አምስተኛ ክፍል ያሉት ሕፃናት እንኳን ይጠይቁናል። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ አንድ ጉዞ ብቻ ስናወራ ስለኖርን አይፈረድባቸውም። ችግሩ መልሱ በአንድ ዐረፍተ ነገር አያልቅም። ለዚህ ነው ለዘንድሮው መጽሔት ይህን የጻፍነው። አምስት ነን፤ ሦስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች፣ ሁላችንም ዘንድሮ 11ኛ ክፍልን የጨረስን። ስማችንን አልጻፍንም። ናይሮቢ ውስጥ ያለ ሐበሻ እርስ በርሱ ይተዋወቃል፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ማንም አይቸገርም።

ልንሄድ ያሰብነው ደቡብ አፍሪካ፣ ጄፍሪስ ቤይ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ድሮ ፖርት ኤልዛቤት ትባል ከነበረችው፣ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን ግኬቤራ ከተባለችው ከተማ በስተምዕራብ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የምንሄደው ለሞገድ ነው። አዎ፣ ለሞገድ ብቻ።

ነገሩ የተጀመረው ማሊንዲ ነው። በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ውስጥ የአንዳችን አባት ለሥራ ወደዚያ ሲወርዱ አምስታችንንም ይዘውን ሄዱ። ከዚያ በፊት ሕንድ ውቅያኖስን ያየነው ዲያኒ ላይ ነበር። ዲያኒ ሞገዱን ከሩቅ የሚሰብር የኮራል አጥር ስላለ ውኃው ዳር ሲደርስ እንደ ገንዳ የረጋ ነው። ማሊንዲ ግን ክፍት ነው። የባሕር ዳር ሰዎች ኩሲ የሚሉት የደቡብ ነፋስ ሲነፍስ ሞገዱ አሸዋው ድረስ እየተንከባለለ ይመጣል። አንድ የሰፈሩ ልጅ ሰሌዳ አከራየን፤ ለአምስት ሰው አንድ ሰሌዳ። ተራ በተራ ስንወድቅ ዋልን። ወደ ማታ ላይ አንዷ ቆመች። ሦስት ሰከንድ ብትቆም ነው። የቀረነው አራታችን ዳር ላይ ሆነን እንደ ሠርግ ቤት እልል አልን፤ የማሊንዲ ሰው ዞር ብሎ አየን። ያን ሌሊት ጨው የጠጣ ጆሮና የተላጠ ጉልበት ይዘን ተኝተን፣ ተኝተን ማለት እንኳ ይከብዳል፣ ዐይናችንን ስንጨፍን ሁሉ አልጋው ይወዛወዝ ነበር።

ወደ ናይሮቢ ስንመለስ መጀመሪያ የቸገረን ቃል ነው። የአማርኛ መምህራችን «የክረምት ዕረፍት ውሎዬ» ብለው ድርሰት ሲያዙን «በማዕበል ላይ ቆምን» ብለን ጻፍን። በቀይ አሠመሩበት። ማዕበል ጀልባ የሚገለብጥ፣ ሰው የሚያስለቅስ ነገር ነው አሉን፤ እናንተ የቆማችሁበት ሞገድ ነው። እኛ ደግሞ ሞገድ የምናውቀው በፊዚክስና በሬዲዮ ነበር። «ሰርፊንግ» የሚለውን እንዳለ መጻፍ ይቻላል፤ እሳቸው ግን ፈረስ ከተጋለበ ሞገድም ይጋለባል ብለው «ሞገድ ግልቢያ» የሚለውን ሰጡን። እስከ ዛሬ የምንለው እንደዚያው ነው። ለእናቶቻችን ስንናገር ቃሉ በጣም ጠቅሞናል፤ ፈረስ ጉግሥን ስለሚያስታውስ ነው መሰለን፣ ከሰርፊንግ ይልቅ ጨዋ ይመስላል።

የማሊንዲ ሞገድ በቅርብ ነፋስ የሚነሣ፣ አጭርና የተመሰቃቀለ ነው። ግራ ይሁን ቀኝ ሳይታወቅ ባንድ ጊዜ ይፈርሳል። የምንፈልገው ሌላ ዓይነት እንደሆነ የገባን የፊዚክስ መምህራችን ስለ መጠማዘዝ ሲያስተምሩን ነው። ሞገድ ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ሲደርስ ይዘገያል። አንድ የመሬት አፍንጫ ወደ ባሕር ገብቶ ከቆመ፣ ሞገዱ በመሬቱ በኩል ያለው ጫፉ ቀድሞ መሬት ስለሚነካው ይዘገያል፤ በባሕሩ በኩል ያለው ጫፍ ግን ይሮጣል። እንደ ሰልፈኛ መታጠፍ ማለት ነው፤ የውስጡ ቆሞ የውጪው ይዞራል። ስለዚህ ሞገዱ አፍንጫውን ተከትሎ እየታጠፈ፣ ከአንድ ጫፍ ጀምሮ በተራ በተራ፣ እንደ ዚፕ ይከፈታል። ጋላቢው ከሚፈርሰው ፊት ፊት እየቀደመ ይሄዳል። ይህን ነው ሞገድ ጋላቢዎች ፖይንት ብሬክ የሚሉት፤ ጄፍሪስ ቤይ ደግሞ በዓለም ከታወቁት ከነዚህ ቦታዎች አንዱ ነው። ጋላቢው ከሞገዱ ላይ ሆኖ ሲያይ ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው። በጥሩ ቀን ሱፐርቲዩብስ በሚባለው ክፍል ላይ አንድ ሞገድ ከሦስት መቶ ሜትር በላይ ይወስዳል ይባላል። የእኛ ሦስት ሰከንድ የት፣ ይሄ የት!

ወቅቱም ተመቻችቶልን ነበር። ጥሩው ጊዜ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው፤ የእኛው ክረምት፣ ትምህርት የሌለበት። በዚያ ወቅት ከአፍሪካ በስተደቡብ፣ ምንም የብስ በሌለበት ውቅያኖስ ላይ ዐውሎ ነፋስ እየተከታተለ ያልፋል። ዐውሎው ራሱ ባሕር ዳር አይደርስም፤ የላከው ሞገድ ነው የሚደርሰው። አንዳችን ሂሳቡን ሠርቶ አሳየን። በተከታታይ ሁለት ሞገዶች መካከል 14 ሰከንድ ካለ፣ የሞገዱ ጭፍራ በጥልቅ ባሕር ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ የተነሣ ዐውሎ ነፋስ ሞገዱ በሁለት ቀን ይደርሳል ማለት ነው። የደቡብ ምዕራቡ ነፋስ ደግሞ እዚያ ከየብስ ወደ ባሕር ስለሚነፍስ የሞገዱን ፊት ያለሰልሰዋል። ይህን ሂሳብ የሠራው ልጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሞገድ ትንበያ ሳያይ አይተኛም። ማታ ማታ ለአምስታችን ቡድን ሦስት ነገር ይልካል፤ አቅጣጫ፣ ቁመት፣ ሰከንድ። ስለ እሱ ወደ ኋላ እንመለሳለን።

መልካሙ ነገር ሁሉ ግን በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነው። ማሊንዲ ውኃው በነሐሴም 25 ዲግሪ ገደማ ነው። ጄፍሪስ ቤይ በዚያው ወር ከ15 እስከ 18 ነው። ቁጥሩ ብዙም የተራራቀ አይመስልም፤ እኛም እንደዚያ ነበር ያሰብነው። ለመለማመድ ብለን በሐምሌ ንጋት ላይ በቀዝቃዛ ሻወር መታጠብ ጀመርን። የናይሮቢን ሐምሌ የሚያውቅ ያውቀዋል። ትንፋሽ ያጥራል፤ ሰው ሳያስበው አፉን ከፍቶ አየር ይስባል፤ ባሕር ውስጥ ቢሆን የሚስበው ውኃ ነው። ሁለታችን በሦስተኛው ቀን ተውነው። የአንዷ እናት ከመታጠቢያ ቤቱ በር ውጭ ቆመው «ለጠበል ቀስቅሼሽ ብርድ ነው ብለሽ የተኛሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?» አሏት። መልስ አልነበራትም።

መፍትሔው ዌትሱት ነው፤ ገላ ላይ የሚጣበቅ የጎማ ልብስ። ጎማው ውስጥ ጥቃቅን የጋዝ ፊኛዎች ስላሉ ሙቀት አያስወጣም፤ ገብቶ የሚቀረውም ጥቂት ውኃ ከገላ ጋር ይሞቃል። ለዚያ ብርድ ደረቱ ላይ 4፣ እጅና እግሩ ላይ 3 ሚሊ ሜትር የሆነው ያስፈልጋል። ጊኮምባ ገበያ፣ የልባሽ ጨርቅ ክምር ውስጥ ሁለት አገኘን። ሻጩ ምን እንደሆነ ስለማያውቀው የሞተር ብስክሌት ልብስ ነው ብሎ ሸጠልን። አንዱ ጉልበቱ የተቀደደ፣ ሁለተኛው የአሥር ዓመት ልጅ ልክ ሆኖ ተገኘ። የቀረውን እዚያው ለመከራየት ወሰንን።

ገንዘቡን በማኅበር ነው የያዝነው። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ መረጥን፤ ሁለቱ ተራ አባላት ሆኑ፤ ሥልጣን አልደረሰንም ብለውም እስከ ዛሬ ያማርራሉ። በወር 1,500 ሽልንግ መዋጮ፣ ለዘገየ 50 ሽልንግ መቀጫ። ለገና ባዛር ሳምቡሳና ጭኮ ሸጥን። የቤተሰብ ዕቁብ ስናይ ስላደግን ደንቡን ማንም አላስተማረንም። አንድ ደንብ ግን የራሳችን ነው፤ ከሣጥኑ ገንዘብ የሚወጣው አምስታችንም ስንፈርም ብቻ ነው ብለን በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፍን። ያኔ ይህ ደንብ ምን እንደሚያመጣ አላወቅንም።

ወላጆቻችንን የሰበሰብነው በአንድ ቅዳሜ፣ ከትምህርት በኋላ በአዳራሹ ውስጥ ነው። ቡና አፈላን፤ ፈንድሻ ነሰነስን፤ ካርታ ሰቀልን። የጄፍሪስ ቤይን የሞገድ ክፍሎች ስም አንድ በአንድ ጠራን፤ ኪችን ዊንዶውስ፣ ማግናቲዩብስ፣ ቦንያርድስ፣ ሱፐርቲዩብስ፣ ኢምፖሲብልስ፣ ቲዩብስ፣ ዘ ፖይንት፣ አልባትሮስ። የመጀመሪያውን «የወጥ ቤት መስኮቶች» ብለን ስንተረጉም እናቶች ሳቁ። ሦስተኛውን አልተረጎምነውም፤ የአጥንት ቦታ ማለት ስለሆነ። ሱፐርቲዩብስ ለእኛ እንዳልሆነም በግልጽ ተናገርን። የታወቁት ጋላቢዎች የሚወዳደሩበት ነው፤ ፍጥነቱ ከባድ፣ ታቹም ቋጥኝ ነው። እኛ የምንገባው ዘ ፖይንት ላይ፣ ሞገዱ ረጋ በሚልበት፣ በትንሽ ቀን ነው፤ ሱፐርቲዩብስን ዳር ቆመን እናየዋለን። ሊሸኙን ፈቃደኛ የሆኑት የጂኦግራፊ መምህራችንም ተናገሩ። ሁሉም መልካም ይመስል ነበር።

ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት ስልካቸውን ከፍ አድርገው «ይኼስ ምንድን ነው?» አሉ።

ሚክ ፋኒንግ ነው። እኛ ስሙ እንዳይነሣ ስንጸልይ ነበር። በሐምሌ 19 ቀን 2015 እ.ኤ.አ.፣ እዚያው ጄፍሪስ ቤይ፣ የውድድሩ ፍጻሜ በቀጥታ እየተላለፈ ሳለ አውስትራሊያዊውን ጋላቢ ሻርክ ቀረበው። ከሰሌዳው ወደቀ፤ ታገለው፤ ተፎካካሪው ጁሊያን ዊልሰን ከመሸሽ ይልቅ ወደ እሱ ቀዘፈ። ጀልባ ደርሶ አወጣው፤ ምንም ጉዳት አላገኘውም። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ቡናው እንኳ ቀዘቀዘ። እኛ ቶሎ ብለን በዓመቱ ተመልሶ እዚያው ባሕር ላይ እንዳሸነፈ ተናገርን። አባትየው ስልካቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱና «እግዜር አንዴ ካወጣው ባሕር ተመልሶ የገባ ሰው ለምሳሌነት አይጠቀስም» አሉን። እውነት ለመናገር እኛም የምንለው አልነበረንም።

ከሻርኩ ይልቅ የከበደን ግን የአንዱ እናት ናቸው። እሳቸው ቪዲዮውን አላዩትም። ዝም ብለው ተቀምጠው ቆዩና፣ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን የተነሣ የአክስታቸው ልጅ እንደነበር ነገሩን። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ የሰማው የለም፤ ለቅሶው የተቀመጡለት በሁለተኛው ዓመት ነው። «እናንተ ባሕር ስትሉ ጨዋታ ይታያችኋል፤ አልፈርድባችሁም። እኔ ልጄን ባሕር ውስጥ ለጨዋታ አልልክም» አሉ። ያን ቀን ስብሰባው ያለ ውሳኔ ተበተነ። ወደ ቤት ስንሄድ ማንም አላወራም። የዕቅዳችን ደብተር ውስጥ ነፋስ ነበር፤ ብርድ ነበር፤ የጎማ ልብስ ነበር። ይህ ግን አልነበረም፤ የት ገጽ ላይ እንደሚጻፍም አናውቅም ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ራሳቸው ደወሉ። አንድ ቃል ጠየቁን፤ አምስታችንም እሳቸው እያዩ 400 ሜትር ሳናቋርጥ እንድንዋኝ። በ25 ሜትሩ ገንዳ አሥራ ስድስት ጊዜ ማለት ነው። አራት ወር ተለማመድን። በቀጠሮው ቀን መጡ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ገንዳው ዳር በፕላስቲክ ወንበር ተቀመጡ፤ በጣታቸው ቆጠሩ። ልጃቸው አሥራ ስድስቱን ጨርሶ ጠርዙን ሲይዝ «አንድ ይቀራል» አሉት። እኛ አሥራ ስድስት ሞልቷል አልን። «አንዱ ለእኔ ነው» አሉ። ዋኘላቸው። ከዚያ በፈቃድ ወረቀቱ ላይ ፈረሙ።

አሁን ወደ ወረቀቶቹ እንምጣ፤ ከሞገዱ ሁሉ የከበደን ይህ ነው። አምስታችን አንድ ክፍል፣ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን አድገናል፤ መዝሙሩን አብረን ዘምረናል። ኪሳችን ውስጥ ያለው ወረቀት ግን አንድ አይደለም። ሁለታችን የኬንያ ፓስፖርት አለን። ከ2023 መግቢያ ጀምሮ የኬንያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ያለ ቪዛ ደቡብ አፍሪካ ገብቶ በዓመት እስከ 90 ቀን መቆየት ይችላል። ሁለታችን የኢትዮጵያ ፓስፖርት አለን፤ ቪዛ፣ የባንክ ወረቀት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የወላጅ ቃለ መሐላ። ከብዙ ምልልስ በኋላ በግንቦት መጣልን። አምስተኛው የስደተኛ መታወቂያ ነው ያለው። አራት ዓመቱ ሆኖ ከእናቱ ጋር መጣ። ለጉዞ ሰነድ ካመለከተ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነው። «በሚቀጥለው ሳምንት ና» ሲሉት ስንት ሳምንት እንደሄደ መቁጠር ትቷል። ሁሌም አብረነው እንሄድና ውጭ እንጠብቀዋለን፤ ሲወጣ ከአረማመዱ እናውቃለን።

የሞገዱን ሂሳብ የሠራው እሱ ነው።

አምስታችንም እኩል ያለን አንድ ሰነድ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ነው። ከኬንያ ወደዚያ ለሚሄድ ግዴታ ስለሆነ በአንድ ቀን፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ተወጋን። እሱም ተወጋ። ካርዱን ዛሬም ቦርሳው ውስጥ ይዞት ይዞራል።

ስለ ማረፊያ ስናስብ የገንዘብ ያዣችን አጎት ትዝ አሉን። ፖርት ኤልዛቤት፣ እሳቸው ዛሬም የሚሏት እንደዚያ ነው፣ ከከተማው ወጣ ባለ ሰፈር ትንሽ ሱቅ አላቸው፤ ዳቦ፣ ዘይትና የስልክ ካርድ ይሸጣሉ። ደወልንላቸውና ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርገን አምስታችንም አዳመጥን። እሳቸው የሄዱት በየብስ ነው፤ ከሆሳዕና ሞያሌ፣ ከሞያሌ በዚህችው በናይሮቢ አድርገው፣ ታንዛኒያ፣ ማላዊ፣ ሞዛምቢክ። ናይሮቢ ውስጥ አሥራ አንድ ቀን አንድ ክፍል ውስጥ ተዘግቶባቸው እንደነበር ያን ቀን ነገሩን። ሰፈሩን ሲገልጹልን ከትምህርት ቤታችን ሩቅ እንዳልሆነ ገባን። በመንገድ ላይ ሰባት ወር ታስረዋል። እህታቸው ልጅ ግን ጠዋት ከናይሮቢ ተነሥታ በአራት ሰዓት በረራ ጆሃንስበርግ ልትገባ ነው። አልቀኑባትም፤ እንዲያውም ሳቁ። «እሰይ! ልጄ በአየር ትምጣልኝ!» አሉ። ከዚያ የምንሄደው ለምን እንደሆነ ጠየቁን። ለሞገድ መሆኑን ስንነግራቸው ለጥቂት ጊዜ ድምፃቸው ጠፋ።

«እናንተ ልጆች፣ እዚህ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ» አሉ። «ባሕሩን ዕቃ ላመጣ ስሄድ ከታክሲ መስኮት አየዋለሁ። እግሬን ግን አንድ ቀን እንኳ አልነከርኩበትም። እሑድም ሱቅ ነው።» ቀጥለውም ውኃው ይቀዘቅዝ እንደሆነ እኛኑ ጠየቁን። 16 ዲግሪ ነው አልናቸው። አመሰገኑን።

በሰኔ መጀመሪያ ላይ ድምፅ ሰጠን። አራት ሰው መሄድ ይችላል፤ አንድ አይችልም። እንሂድ ወይስ እንጠብቅ? ይህን ጽሑፍ የጻፍነው አምስታችንም ተቀምጠን ስለሆነ፣ በዚህ ቦታ ስለ እሱ ጽፈነው የነበረውን አንድ አንቀጽ ራሱ ሰርዞታል፤ በጣም የሚያሳዝን አድርጋችሁኛል ብሎ። የቀረው ይህ ነው። ድምፅ አትስጥ፣ ላንተ ይከብድሃል ስንለው ተቆጣ። «መዋጮዬን ከፍያለሁ፤ አባል ነኝ» አለ። ወረቀቶቹን በቡና ሲኒ ውስጥ ጨመርን። ሦስት «እንሂድ»፣ ሁለት «እንጠብቅ» ወጣ። የእጅ ጽሑፉን የማያውቅ ስለሌለ ከሦስቱ አንዱ የእሱ እንደሆነ አወቅን። እሱ ባይኖር ሁለት ለሁለት ነበርን።

ጸሐፊያችን ደብተሩን ከፍቶ የመጀመሪያውን ገጽ አነበበ፤ ገንዘብ የሚወጣው አምስቱም ሲፈርሙ ነው። አራት ሰው ፈረመ፤ እሱም ፈረመ፤ ፊርማውን እንዲያውም ከሁላችንም አሳምሮ ነው የጣለው። አንዷ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። የማሊንዲዋ ናት፣ መጀመሪያ የቆመችው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ በደንብ አይነጋገሩም። እሱ «ለእኔ ብላ መቅረቷ እንደ ውለታ ሊቆጠርብኝ ነው» ይላል። እሷ ምን እንደምትል እንድንጽፍ አልፈቀደችም። ማን ልክ እንደሆነ የቀረነው ሦስታችን በየቀኑ እንለዋወጣለን፤ ጠዋት እሱ ነው፣ ማታ እሷ ናት። ቪዛው የሚያገለግለው እስከ ነሐሴ ማለቂያ ነው። የአውሮፕላኑ ዋጋም እየጨመረ ነው። ገንዘቡ ሣጥኑ ውስጥ አለ።

መጽሔቱ ወደ ማተሚያ ቤት የሚገባው ነገ ስለሆነ ከዚህ በላይ የምንጽፈው የለንም። ትናንት ማታ በአራት ሰዓት የላከልን መልእክት ይህ ነው፤ «ደቡብ ምዕራብ፣ ሦስት ሜትር፣ 15 ሰከንድ። ነፋሱ ከየብስ ነው። ረቡዕ ጠዋት ይደርሳል።»

ከእኛ ቀድማ «አየሁት» ብላ የመለሰችለት እሷ ናት።